የቤት ዕዳን ከ30 ዓመት በፊት መጨረስ፦ አሜሪካ ለምትኖሩ የአሠራር መመሪያ

«ሞርጌጃችንን ቶሎ ለመጨረስ ምን እናድርግ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አትላንታ ወይም ዳላስ የሚኖሩ ናቸው። ብዙዎቹ ሁለት ሥራ ይሠራሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ አገር ቤትም ገንዘብ ይልካሉ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ ብዬ ደረጃ በደረጃ ጻፍኩት። ወለዱ የማይለዋወጥ የ30 ዓመት ሞርጌጅ ካላችሁና ቤቱም የምትኖሩበት ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው

350,000 ዶላር በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ተበደራችሁ እንበል። ታክስና ኢንሹራንሱን ሳይጨምር ወርሃዊ ክፍያችሁ 2,212 ዶላር ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 1,896 ዶላሩ ወለድ ነው። ዕዳውን የሚቀንሰው 316 ዶላሩ ብቻ ነው። በዚሁ ከቀጠላችሁ፣ ከምትከፍሉት ገንዘብ ግማሹ ለዋናው ብድር መዋል የሚጀምረው ከ19 ዓመት በኋላ ነው። 30 ዓመቱ ሲያልቅ የከፈላችሁት ወለድ ብቻ ከ446,000 ዶላር ይበልጣል።

አሁን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ 300 ዶላር ጨምሩበት። ዕዳው በ21 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ያልቃል። ወደ 143,000 ዶላር የሚጠጋ ወለድ ከመክፈል ትድናላችሁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ወለዱ በየወሩ የሚታሰበው በቀረው ዕዳ ላይ ነው። ዛሬ ከዕዳው ላይ ያነሳችሁት ዶላር ከዛሬ ጀምሮ ወለድ አይታሰብበትም። በዚሁ ምሳሌ፣ ገና በመጀመሪያው ወር አንድ ጊዜ ብቻ 1,000 ዶላር ብትጨምሩ ከመጨረሻው የ3 ወር ያህል ክፍያ ይቀርላችኋል። ስለዚህ በትንሽም ቢሆን ቶሎ መጀመር ይሻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቅርብ ጊዜ የሞርጌጅ ስቴትመንት
- ቤቱን ስትገዙ የፈረማችሁበት የብድር ውል
- የሞርጌጁ ድረ ገጽ ወይም አፕ መግቢያ
- ያለፉት 3 ወራት የባንክና የክሬዲት ካርድ ዝርዝር
- አንድ ደብተር
- በትዳር ያላችሁ ከሆነ፣ ባልና ሚስት አብራችሁ የምትቀመጡበት አንድ ሰዓት። አንዱ እየቆጠበ ሌላው የማያውቅ ከሆነ ሥራው አይዘልቅም።

1. ስቴትመንቱን መስመር በመስመር አንብቡ

አራት ነገሮችን ፈልጋችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉ። የወለዱን መጠን፣ የቀረውን ዋና ብድር፣ ለኤስክሮ የሚሄደውን ገንዘብ፣ ፒኤምአይ (አበዳሪውን የሚጠብቅ ኢንሹራንስ፣ ደረጃ 6 ላይ እመለስበታለሁ) ካለባችሁ እሱን። ስቴትመንቱ ላይ ዋናው ብድር «ፕሪንሲፓል» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ኤስክሮ ደግሞ የቤት ታክሱና ኢንሹራንሱ የሚጠራቀምበት ነው። እዚያ የገባ ገንዘብ ዕዳውን በአንዲት ሳንቲም አይቀንስም።

ቀጥሎ ውሉን አውጡና ቀድሞ በመክፈል የሚጣል ቅጣት መኖር አለመኖሩን እዩ። የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ባላቸው በኤፍኤችኤና በቪኤ (ለወታደሮችና ለቀድሞ ወታደሮች በሚሰጠው) ብድሮች ላይ ቅጣት የለም። ከ2014 ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በተሰጡ በአብዛኞቹ መደበኛ ብድሮችም ላይ የለም፤ ካለም ከመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት አያልፍም። ቢሆንም አንብባችሁ አረጋግጡ።

2. ከቤቱ የሚቀድመውን አስቀድሙ

ይህን ደረጃ ዘልሎ ወደ ቤቱ መሮጥ ብዙ ሰው ይጎዳል።

የክሬዲት ካርድ ዕዳ ካለ መጀመሪያ እሱ ይለቅ። 22 በመቶ የሚያስከፍል ዕዳ ትታችሁ የ6.5 በመቶውን ብትከፍሉ በየወሩ ትከስራላችሁ።

ከዚያ የክፉ ቀን ገንዘብ አስቀምጡ። ደሞዛችሁ ቋሚ ከሆነ የ3 ወር ወጪ ይበቃል። ኡበር፣ ታክሲ ወይም የራሳችሁ ሥራ ከሆነ ወደ 6 ወር አድርሱት። ምክንያቱም ወደ ቤቱ የገባ ገንዘብ በቀላሉ አይወጣም። ሥራ ብታጡ ባንኩ «ባለፈው ዓመት ጨምራችሁ ከፍላችሁ ነበር» ብሎ የዚህን ወር ክፍያ አይተውላችሁም።

መሥሪያ ቤታችሁ 401ኬ (የጡረታ ቁጠባ) ላይ የሚጨምርላችሁ ገንዘብ ካለ እስከዚያ ጣሪያ ድረስ አስገቡ። እሱን መተው የደሞዝን ክፍል እንደ መተው ነው።

በመጨረሻ ወለዳችሁን እዩ። በ2020 እና 2021 ወለዱ ወደ 3 በመቶና ከዚያም በታች ወርዶ ነበር። በዚያ ጊዜ ገዝታችሁ ወይም ሪፋይናንስ አድርጋችሁ (የድሮውን ብድር በአዲስ ተክታችሁ) ከሆነ፣ ከሞርጌጃችሁ የበለጠ የሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ልታገኙ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ትርፍ ገንዘባችሁን እዚያ ማጠራቀሙ ያዋጣል፤ ገንዘቡም እጃችሁ ላይ ይቆያል። ወለዳችሁ 6 ወይም 7 በመቶ ከሆነ ግን ያለ ማመንታት ወደ ቤቱ ላኩ እላለሁ።

3. የምትጨምሩትን ገንዘብ ከወር ወጪያችሁ አውጡ

የ3 ወሩን የባንክ ዝርዝር ፊታችሁ ዘርጉ። ከትልልቁ ጀምሩ፤ ቡና ላይ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት መኪናውን እዩ።

መኪና። የመኪና ዕዳችሁ ሲያልቅ አዲስ መኪና አትዩ። ያንኑ ክፍያ ወደ ቤቱ አዙሩት። በወር 600 ዶላር የሚከፈልበት መኪና ነበር እንበል። ያንን 600 ከመጀመሪያው ጀምሮ በላይኛው ምሳሌ ላይ ብትጨምሩት ቤቱ በ17 ዓመት ከ4 ወር ገደማ ያልቃል። ያለዚህ ገንዘብ መኖርን ለምዳችሁታል፤ ስለዚህ ከሁሉም የቀለለው ቁጠባ ይህ ነው።

ቤዝመንት። የተለየ መግቢያ ያለው ቤዝመንት ካላችሁ ኪራዩ ትልቅ ኃይል ነው። ግን የካውንቲያችሁን ሕግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለማከራየት ፈቃድ ይጠይቃል። ገቢውም ታክስ ይከፈልበታል፤ የቤት ኢንሹራንሳችሁም ማወቅ አለበት። በድብቅ ተከራይቶ እሳት ቢነሳ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል።

ምግብ። እዚህ ላይ የእኛ ቤት ዕድለኛ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ሁሉም ርካሽና ጠቃሚ ነው። የሚያስወጣን ከውጭ የሚገዛው እንጀራና የቅዳሜና እሑድ ሬስቶራንት ነው። ጤፍ በ25 ፓውንድ ከረጢት ገዝታችሁ በሳምንት አንድ ቀን ቤት ብትጋግሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ጊዜ ከሌላችሁ ከጎረቤት ወይም ከእኅት ጋር ተራ ግቡ፤ አንድ ሳምንት አንዷ ትጋግር፣ በሚቀጥለው ሌላዋ።

የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ከግዢው ይወጣሉ። በእነዚያ ሁለት ወራት የቀነሰውን የአስቤዛ ወጪ ጻፉና ልዩነቱን ወደ ዋናው ብድር ላኩት። ካልጻፋችሁት ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይፈስሳል፤ ለፋሲካ ግብዣም የሚበቃውን ለይታችሁ አስቀሩ።

ማኅበራዊ ወጪ። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ቤቢ ሻወር፣ ለቅሶ አይቀርም፤ መቅረትም የለበትም። ግን ድንገተኛ ወጪ አይደለም፣ በየዓመቱ ይመጣል። ያለፈውን ዓመት ደምራችሁ ለ12 አካፍሉትና በየወሩ ለብቻው አስቀምጡ። ዕድር በምንም ምክንያት አታቋርጡ። ሰው ሲሞት የቀብሩ ወይም አስከሬን ወደ አገር ቤት የመላኩ ወጪ የዓመታት ቁጠባ በአንድ ቀን ሊወስድ ይችላል።

አገር ቤት የሚላክ። እናትና አባትን አትርሱ፤ ይህ የሚቆረጥ ወጪ አይደለም። የሚሻለው ቋሚ የወር መጠን መወሰንና ለሕመም ደግሞ ትንሽ ለይቶ መያዝ ነው። ለቤተሰቡም በግልጽ ንገሯቸው፦ «እማዬ፣ በየወሩ ይህችን እልካለሁ፣ ቤቱን እስክንጨርስ ነው።» የሚጠብቁትን ካወቁ እነሱም ያቅዱበታል፤ እናንተም ስልክ በጠራ ቁጥር አትደነግጡም።

ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። የስልክ ፕላን፣ የማይታዩ ቻናሎች፣ የመኪና ኢንሹራንስ። በዓመት አንድ ጊዜ ዋጋ አወዳድሩና እለፉ።

4. ትርፉን «ለፕሪንሲፓል» ብላችሁ ላኩ

ከሁሉም ደረጃ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። ከወር ክፍያችሁ በላይ ዝም ብላችሁ ብትልኩ ተቀባዩ ድርጅት ገንዘቡን ለሚቀጥለው ወር ቅድሚያ ክፍያ ሊይዘው ይችላል፤ ወይም ኤስክሮ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ያን ጊዜ ዕዳው አይቀንስም፤ የለፋችሁበት ገንዘብ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ድረ ገጹ ላይ ስትገቡ ብዙውን ጊዜ ለተጨማሪ ፕሪንሲፓል የተለየ ሣጥን አለ። የምትጨምሩትን መጠን እዚያ ብቻ ጻፉ።

ለ. በቼክ የምትከፍሉ ከሆነ ለወር ክፍያውና ለተጨማሪው ሁለት የተለያዩ ቼኮች ላኩ። በተጨማሪው ቼክ ላይ የብድር ቁጥራችሁንና ገንዘቡ ለፕሪንሲፓል ብቻ መሆኑን ጻፉ።

ሐ. የዚያ ወር መደበኛ ክፍያ መጀመሪያ መግባቱን አረጋግጡ። ያልተከፈለ ወር ወይም የመዘግየት ቅጣት ካለባችሁ ተጨማሪው ለእሱ ነው የሚሄደው።

መ. ደሞዝ በገባ በማግስቱ በራሱ እንዲከፈል አድርጉት። ወሩ መጨረሻ ላይ የተረፈውን እልካለሁ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚተርፈው አይኖርም።

ሠ. በሚቀጥለው ስቴትመንት ላይ ዋናው ብድር በትክክል በዚያ መጠን መቀነሱን እዩ። ካልቀነሰ ወዲያው ደውሉና እንዲያስተካክሉ ጠይቁ። የደወላችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ደብተሩ ላይ ያዙ። ሞርጌጃችሁ ወደ ሌላ ድርጅት ሲሸጥ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስቴትመንቶች በጥንቃቄ ተከታተሉ፤ በራሱ የሚከፈለው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ አብሮ አይተላለፍም።

«በየሁለት ሳምንቱ ክፈሉ፣ ዓመታት ይቀነስላችኋል» የሚል ደብዳቤ ይደርሳችሁ ይሆናል። ሐሳቡ ልክ ነው። በዓመት 26 ግማሽ ክፍያ 13 ሙሉ ክፍያ ስለሚሆን በምሳሌያችን ዕዳው በ24 ዓመት ከ2 ወር ገደማ ያልቃል። ነገር ግን ለዚህ አገልግሎት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አያስፈልጋችሁም። የወር ክፍያውን ለ12 አካፍሉና በየወሩ ያንን ጨምሩ። በምሳሌው 184 ዶላር ነው። ውጤቱ ያው ነው፣ ክፍያ የለበትም።

5. ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንዴ ሲገባ

የታክስ ተመላሽ፣ ቦነስ፣ የበዓል ኦቨርታይም። ከመምጣቱ በፊት ተስማሙ፤ ለምሳሌ 80 በመቶው ለቤቱ፣ 20 በመቶው ለቤተሰቡ ደስታ። ገንዘቡ ከገባ በኋላ መስማማት ከባድ ነው።

ዕቁብ። ብዙዎቻችሁ ዕቁብ ስላላችሁ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ ያለ ወለድ ብድር እንዳገኛችሁ ነው፤ በዚያው ሳምንት ወደ ዋናው ብድር ላኩት። የቀረውን መጣል ግን ግዴታችሁ ስለሆነ ደሞዛችሁ እንደሚችለው አስቀድማችሁ አስሉ። ዕጣው መጨረሻ ላይ ከሆነ የጣላችሁት ገንዘብ ሁሉ ዕዳውን ሳይቀንስ ወራት ይቆያል። በሒሳብ ብቻ ካየነው ያን ጊዜ በየወሩ በቀጥታ መክፈሉ ይሻል ነበር። ቢሆንም፣ ዕቁብ ባይኖር ገንዘቡን እንደማታስቀምጡት የምታውቁ ከሆነ ዕቁቡን ያዙ። የሚያስገድዳችሁ ሰብሳቢ መኖሩ ራሱ ዋጋ አለው።

ትልቅ ገንዘብ ከከፈላችሁ በኋላ «ሪካስት» ታደርጉልኛላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ወለዱና የማለቂያው ጊዜ ሳይለወጥ ወርሃዊ ክፍያው በአዲሱ ዕዳ ልክ እንደገና ይሰላል። የሚያስከፍለው ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ለኤፍኤችኤና ለቪኤ ብድሮች በአብዛኛው አይሠራም። ከተሳካላችሁ የድሮውን መጠን መክፈላችሁን ቀጥሉ። ክፉ ወር ሲመጣ ግን የግዴታው ክፍያ ዝቅ ያለ ስለሆነ ትተነፍሳላችሁ።

ወደ 15 ዓመት ሪፋይናንስ ስለማድረግም ትጠይቁኛላችሁ። ወለዱ በደንብ የሚወርድ ካልሆነ አልመክርም። የ15 ዓመቱ ከፍተኛ ክፍያ ግዴታ ነው። በ30 ዓመቱ ላይ የምትጨምሩት ግን በፈቃዳችሁ ነው፤ ልጅ ሲወለድ ወይም ሥራ ሲቀዘቅዝ ማቆም ትችላላችሁ።

6. ፒኤምአይን አስነሱ

ቤቱን ከ20 በመቶ ባነሰ ዳውን ፔይመንት (ስትገዙ ከኪሳችሁ በከፈላችሁት) ከገዛችሁ በየወሩ ፒኤምአይ ትከፍሉ ይሆናል። ይህ ኢንሹራንስ የሚጠብቀው አበዳሪውን እንጂ እናንተን አይደለም። በ1998 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ዕዳው ቤቱ ከተገዛበት ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲነሳ መጠየቅ ትችላላችሁ። 78 በመቶ ላይ ደግሞ በራሱ ይነሳል።

ልብ በሉ፦ በራሱ የሚነሳበት ቀን የሚቆጠረው በመጀመሪያው የክፍያ ሰሌዳ ነው። እናንተ ጨምራችሁ ስለከፈላችሁ ቀኑ አይቀርብም። ስለዚህ 80 በመቶ ላይ ስትደርሱ በጽሑፍ ጠይቁ። ክፍያ ያላዛባችሁ መሆን አለባችሁ፤ የቤቱ ዋጋ አለመውረዱን እንድታሳዩም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ሲነሳ ያንን ገንዘብ ወደ ፕሪንሲፓል አዙሩት።

ከጁን 2013 በኋላ በተወሰደ የኤፍኤችኤ የ30 ዓመት ብድር ላይ ግን ሕጉ ሌላ ነው። ዳውን ፔይመንቱ ከ10 በመቶ በታች ከነበረ ኢንሹራንሱ እስከ ብድሩ መጨረሻ ይዘልቃል። መውጫው ወደ መደበኛ ብድር ሪፋይናንስ ማድረግ ነው።

7. መንፈሳችሁን ጠብቁ

17 ወይም 20 ዓመት ረጅም ነው። ብዙ ሰው የሚያቆመው ሒሳቡ ከብዶት ሳይሆን ተስፋ ቆርጦ ነው። ስለዚህ ይህንንም እንደ ሌሎቹ ደረጃዎች ሥሩበት።

ዕዳውን በ10,000 ዶላር ከፋፍላችሁ በወረቀት ላይ ሣጥን ሣሉና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉ። አንድ ሣጥን በሞላ ቁጥር ልጆቹ ይቀቡት። የዚያን ቀን ቡና አፍሉ፣ ዳቦ ድፉ፣ ጓደኛ ጥሩ። በዓሉ ገንዘብ አይፈልግም፤ ግን መከበር አለበት። ባንኩ ከሚልከው ቁጥር ይልቅ ይህ ወረቀት ልብ ያበረታል።

ለባልም ለሚስትም በየወሩ ማንም የማይጠይቅበት ትንሽ የኪስ ገንዘብ መድቡ። ምንም ያልተፈቀደለት ሰው አንድ ቀን በአንድ ግዢ ሁሉንም ያፈርሳል።

በየወሩ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ገንዘብ ተነጋገሩ፤ በየቀኑ አይሁን። ስትጀምሩም በቀነሰው ዕዳ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ወጪው ግቡ።

የጓደኛ አዲስ ቤትና አዲስ መኪና ሲያሳስባችሁ የእሱን ስቴትመንት እንዳላያችሁ አስታውሱ። እና ከባድ ወር ሲመጣ፣ ልጅ ሲታመም ወይም ሥራ ሲቋረጥ፣ ተጨማሪውን አቁሙ። መደበኛውን ብቻ ክፈሉ። እስካሁን የከፈላችሁት አይጠፋም፤ በየወሩ ወለድ እየቀነሰላችሁ ነው። ስትችሉ ትመለሳላችሁ።

8. የመጨረሻው ክፍያ

ስቴትመንቱ ላይ ያለው ቀሪ ዕዳና የመዝጊያው መጠን አንድ አይደሉም። እስከምትከፍሉበት ቀን ያለው ዕለታዊ ወለድ ይጨመርበታል። ስለዚህ የመዝጊያ ደብዳቤ በጽሑፍ ጠይቁ። ድርጅቱ በአብዛኛው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መስጠት አለበት።

ከከፈላችሁ በኋላ፦

- ኤስክሮ ውስጥ የቀረው ገንዘብ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊመለስላችሁ ይገባል።
- የቤት ታክሱንና ኢንሹራንሱን ከእንግዲህ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ለሚኖሩበት ቤት ታክሱ በተለምዶ በሁለት ይከፈላል፤ እስከ ሴፕቴምበር 30 እና እስከ ዲሴምበር 31። ካውንቲው ቢሉን ወደ እናንተ እንዲልክ አረጋግጡ።
- ኢንሹራንሱ ላይ ያለው የአበዳሪው ስም እንዲወጣ ደውሉ።
- ዕዳው መነሳቱ በካውንቲው የመሬት መዝገብ ላይ መመዝገቡን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አጣሩ። ካልተመዘገበ ቤቱን ስትሸጡ ወይም ለልጅ ስታስተላልፉ ችግር ይፈጥራል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጠሩ ስህተቶች

«ጨምሬ ስለከፈልኩ የሚቀጥለውን ወር ልዝለል» ማለት። ለፕሪንሲፓል የተከፈለ ገንዘብ የሚቀጥለውን ወር ክፍያ አይተካም። ብትዘሉ ቅጣትና የክሬዲት ጉዳት ይመጣል።

«የወለዱ የታክስ ቅናሽ ይቀርብኛል» ብሎ መፍራት። ከ2018 ጀምሮ መደበኛው ተቀናሽ ከፍ ስላለ ብዙ ሰው የሞርጌጅ ወለዱን ለየብቻ አይቀንስም። የምትቀንሱም ብትሆኑ በ22 በመቶ እርከን ላይ 1 ዶላር ወለድ ከፍላችሁ የምታገኙት 22 ሳንቲም ነው።

ክፍያው ከፍ ሲል ወለዱ ጨመረ ብሎ ማሰብ። ወለዱ ቋሚ ከሆነ የጨመረው ታክሱ ወይም ኢንሹራንሱ ነው። ሜሪላንድ ላይ ከሆናችሁ ለሆምስቴድ ታክስ ክሬዲት ማመልከታችሁን እዩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞላው፣ ታክስ የሚታሰብበት የቤት ግምት በየዓመቱ የሚጨምርበትንም መጠን ይገድባል።

የጤና ኢንሹራንስ ወይም የሕይወት ኢንሹራንስ ቆርጦ ወደ ቤቱ መላክ። አንድ የሆስፒታል ቢል ቤቱን መልሶ ዕዳ ውስጥ ሊከተው ይችላል።

በኢሜይል በመጣ የባንክ ቁጥር የመዝጊያውን ገንዘብ መላክ። አጭበርባሪዎች ከሞርጌጅ ድርጅቱ የመጣ የሚመስል ደብዳቤ ይልካሉ፤ በዋየር የሄደ ገንዘብ ደግሞ ለመመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከመላካችሁ በፊት በወርሃዊ ስቴትመንታችሁ ላይ ባለው ስልክ ራሳችሁ ደውሉና ቁጥሩን አንድ በአንድ አስነብባችሁ አረጋግጡ።